የማይበላሽ መፍጫ

ሰዓት ሠሪው በገዛ አፉ ራሱን ጉድ የሠራው ማክሰኞ ጠዋት፣ ልክ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ደቂቃዋን በምን አወቅህ የሚል ካለ፣ የሱቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት አሥራ ሰባት ሰዓቶች ምስክር ናቸው። አሥራ ሰባቱም እኩል ይቆጥራሉ። በዚያ ሱቅ አንዱ ሰዓት ከጓደኞቹ ቀድሞ ቢደውል ባለቤቱ እንደ ነውር ነው የሚያየው።

ሰውየው እንዲህ ነው። ዕድሜው ስድሳ አንድ፣ ሚስቱ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት፣ ሁለት ሴት ልጆቹን ከዳረ ቆይቷል። ምሳ ሊበላ ሲወጣ በሩ ላይ «በሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት ይለጥፋል፤ በሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለትም ይመለሳል። ሾርባው አልበርድ ካለው ትቶት ይመለሳል። ሰው «ሰዓቴ መቼ ይደርሳል?» ሲለው «ሐሙስ፣ ለአምስት ሩብ ጉዳይ» ይላል እንጂ፣ «እስኪ በሳምንቱ ብቅ በል» የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሙያውን የሚወድ፣ ምራቁን የዋጠ፣ መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነው። ያን ማክሰኞ ጉድ የሠራውም ይሄው መዋሸት አለመቻሉ ነው።

በሩን ከፍታ የገባችው አዋላጇ ነበረች። ጡረታ ከወጣች ሦስት ዓመት ቢሆናትም ሰፈርተኛው ዛሬም «ሲስተር» ነው የሚላት፤ ምን ያድርግ፣ ግማሹን ከእናቱ ሆድ የተቀበለችው እሷ ናት። ቀጥ ያለች፣ ፈጣን፣ ሳቅ ሲመጣባት ከንፈሯን ነክሳ የምታስቀር ሴት ናት። ኮቷ ላይ ያንን ቁልቁል የሚንጠለጠል የነርስ ሰዓቷን እንደ ወትሮዋ ሰክታለች። በእጇ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ይኸው ደግሞ እምቢ አለኝ» አለችና ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

ሰዓት ሠሪ መፍጫ ይጠግናል ወይ? አይጠግንም። ለሌላ ሰው ቢሆን «ወንድሜ፣ ተሳስተሃል፤ እዚህ ሰዓት ነው የሚሠራው» ብሎ በትሕትና ይሸኘዋል። ለሲስተር ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ ጠግኗል። እሷ በገባች ቁጥር ልቡ ድው ድው ይላል፤ በወጣች ቁጥር ወረንጦውን ይዞ የትኛውን ሰዓት እየሠራ እንደነበር ይጠፋዋል። «ጋሼ» ስትለው ብቻ ትንሽ ቅር ይለዋል። በሦስት ዓመት ነው የሚበልጣት፤ እሷ ግን «ጋሼ» ባለች ቁጥር ሌላ ሦስት የምትጨምርበት ይመስለዋል። ይሄን ሁሉ ለማንም ተንፍሶ አያውቅም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል።

መፍጫው ሁልጊዜ የሚበላሸው በአንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ጥርሶቹ መሀል ጠጠር ይቀረቀርበታል። የምስር ፍሬ የምታክል ነጭ ጠጠር። የመጀመሪያው ጊዜ ሰዓት ሠሪው ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ። አዋላጇ ብርዱ ሳይገባ የአበቦቿን ራስ፣ ያንን ሽንኩርት የሚመስለውን፣ ከመሬት አውጥታ እስከ መትከያው ጊዜ ቤት ውስጥ እንደምታስቀምጥ ሰምቷል። አይጥ እንዳይደርስባቸው ቁንዶ በርበሬ እንደምትፈጭባቸውም ነግራዋለች። «እንግዲያው የሚቀመጡት አሸዋ ውስጥ ነው፤ ጠጠሩ ከአሸዋው እየገባ ነው» አላት። እሷም ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና «ይሆናል» አለች። በቃ፣ ያቺ «ይሆናል» አምስት ዓመት ሙሉ እንደ ማኅተም ሆና ኖረች። እሱም የሚያወጣውን ጠጠር አይጥልም፤ የሰዓት ዘይት የነበረባት አንዲት ጠርሙስ ውስጥ ያጠራቅመዋል።

ያን ማክሰኞ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ መፍጫውን ፈታው። ዘጠነኛዋ ጠጠር እንደ ልማዷ ተቀርቅራለች። ግን በዚህ አላበቃም፤ ዘንጉ ተጣሟል፣ የእንጨቱ ገላ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ሙያ የሚሉት ነገር ክፉ ነው፤ ሰውየውን በአንገቱ ያዘው።

«ሲስተር፣ ይሄ አበቃለት» አለ፣ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳያነሳ። «እውነቱን ልንገርዎት? ደህና መፍጫ ይግዙ። ጠንካራ ከገዙ፣ ዕድሜ ልክዎን እዚህ መምጣት አይጠበቅብዎትም።»

አሥራ ሰባቱ ሰዓቶች ቀጭ ቀጭ አሉ። ሰዓት ሠሪው ያለው ነገር ጆሮው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

«ዕድሜ ልኬን?» አለች ሲስተር።

«ዕድሜ ልክዎን» አለ። ሞኝ እኮ ነው፣ ይደግመዋል!

ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ። እሱ ምን እንደሆነ አልገባውም። እሷም ጨርቋን አጣጠፈችና «እንግዲያው እርስዎ ይምረጡልኝ። ብረት ያውቃሉ። ሐሙስ አሥር ሰዓት» ብላ ወጣች።

በሩ ከመዘጋቱ በሳንቃ ከተከፈለው ከወዲያኛው ሱቅ ፀጉር አስተካካዩ፣ መቀሱን እንደያዘ፣ በወንበር ላይ ያለ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ላጭቶ ጥሎት መጣ። ሃያ ዓመት ጎረቤቱ ነው። በዚያች ሳንቃ ያላለፈ ምሥጢር የለም።

«አንተ ሰውዬ! ጆሮዬ ልክ ነው የሰማው? ‹ዕድሜ ልክዎን አይምጡብኝ› አልካት?»

«እንደዚያ አላልኩም። መፍጫው አብቅቶለታል፤ ምን ልበላት?»

«‹እሠራዋለሁ› በላታ! እኔ ራሰ በራ መጥቶ ‹አሳጥርልኝ› ሲለኝ ‹እሺ ጌታዬ፣ ከየት ልጀምር?› ነው የምለው! ሴትዮዋ በገዛ እግሯ ትመጣለች፣ አንተ በገዛ እጅህ በሩን ትዘጋለህ!»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ግንባሩን ይዞ። አሁን ነው የገባው። ጠንካራ መፍጫ ከተገዛ ሲስተር አትመጣም። ሰዓቷም እንደሆነ ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ሠርቶላት ከዚያ ወዲህ ምንም አልሆነ። ምን ይዛ ትመጣለች? ማንስ ነው ባዶ እጁን ሰዓት ሠሪ ቤት የሚመጣው?

«መላው አንድ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሐሙስ ስትሄዱ የመስታወቷን ምረጥ። የምታብረቀርቅ፣ የምታምር፣ በሳምንቷ የምትሰበር።»

«የማይረባ ዕቃ ይግዙ ብዬ አፌን ሞልቼ እላታለሁ?»

«አፍህን መሙላት አይጠበቅብህም፣ በግማሽ አፍም ይቻላል» አለና ወደ በሩ ሄደ። በራሱ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ አፈሯን ነጭ ጠጠር ያለበሳት አንዲት የአበባ ጣሳ አለችው። ጎንበስ ብሎ አያትና ራሱን ነቀነቀ። «ደግሞ ሰው ጠጠሬን እየለቀመ ጨረሰው» አለ፣ ሰዓት ሠሪውን በጎን እያየ። ሰዓት ሠሪው ግን በዚያ ሰዓት እንኳን የሰው ጠጠር፣ የራሱም ስም ትዝ አይለውም ነበር።

ሐሙስ በአሥር ሰዓት የቤት ዕቃ መሸጫው በር ላይ ተገናኙ። እሱ በዘጠኝ ተኩል ነው የደረሰው፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የመጥበሻዎችን ዋጋ ያነባል መስሎ ቆሟል። መፍጫዎቹ ከወደ ውስጥ ባለው መደርደሪያ ላይ አሥራ አራት ሆነው ተሰልፈዋል። ክራባቱን ያጠበቀ ሻጭ ከኋላቸው ተጠጋ።

ሲስተር እጇን የሰደደችው በቀጥታ ወደ መስታወቷ ነው። «ይቺ አታምርም?»

እነሆ ዕድል! ማለት ያለበት «ታምራለች» ብቻ ነው። አንዲት ቃል። ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፣ ዓይኑ ላይ ሰካ፣ መፍጫዋን ገለበጣት።

«ጥርሷ ፕላስቲክ ነው፤ ዓመት አትደፍንም።»

«ይቺስ? ቀለል ትላለች።»

«ቀለል ያለችው ውስጧ ባዶ ስለሆነ ነው።»

«ይቺ ደግሞ በባትሪ ናት፣ መብራት አላት» አለ ሻጩ። «ምግቡን ለማየት።»

«ምግቡን ካላየው ለምን ይበላዋል?» አለ ሰዓት ሠሪው። ሻጩ ይሄ ሰው ከቁጥጥር መሥሪያ ቤት የተላከ ነው ብሎ ክራባቱን ይበልጥ አጠበቀ።

«ሴራሚኳንስ?» አለ። «ሴራሚክ አይዝግም።»

«አይዝግም። ጠጠር ካገኘው ግን ይሸረፋል። የሲስተር መፍጫ ደግሞ ጠጠር አያጣውም።»

«ይሸረፋል?» አለች ሲስተር፣ ዓይኗ በርቶ። «እሷን እንውሰዳት!»

ሰዓት ሠሪው በደንብ አልሰማችኝም ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት። «ይሸረፋል፣ ሲስተር! ይሰበራል ማለቴ ነው!» «ገባኝ፣ ጋሼ» አለች፣ ዓይኗ እንደ መብራት ድርግም ብሎ። ምስኪን ሴት፣ ስለ ዕቃ ምንም አታውቅም ብሎ አዘነላት።

መደርደሪያው ጥግ ላይ አንድ ዓይን የማይስብ ነገር ነበር። አጭር፣ ደልዳላ፣ ጌጥ የሌለው፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ። ሲያነሳው ከበደው። ክዳኑን ከፈተ፤ ዘንጉ አራት ማዕዘን ነው፣ አይዞርም አይጣመምም። ጥርሶቹ ለብቻ ተሠርተው የተለጠፉ ሳይሆኑ ከአንድ ብረት የተፈለፈሉ ናቸው። ላዩ ላይ ያለችው ዳዶ ሲያጠብቋት ቁንዶ በርበሬውን ያልማል፣ ሲያላሏት ያሻክራል፤ ስትዞርም አትወላገድም። ጆሮው አጠገብ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ አዞረው። ድምፁ አንድ ወጥ ነው። በአርባ ዓመት ሙያው እንዲህ ያለ የማይሰበር ነገር ያየው ስንቴ ነው?

ዓይኑን ሲገልጥ በግራ እጁ ሴራሚኳን፣ በቀኙ ብረቱን ይዞ ነበር። በግራ እጁ ሲስተር በየመንፈቁ በሩን ከፍታ «ጋሼ፣ ይኸው ደግሞ» ስትል ታየው። በቀኝ እጁ ምንም አልታየውም፤ የተዘጋ በር ብቻ። ፀጉር አስተካካዩ «በግማሽ አፍም ይቻላል» ሲል ሰማው። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ ትልቅ ሰው በቁንዶ በርበሬ መፍጫ ምክንያት ሊያለቅስ ደረሰ።

«ይሄ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ብረቱን እንደ መርዶ እያቀበላት። «ይሄ አይበላሽም።»

«የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው» አለ ሻጩ ደስ ብሎት።

«የማን ዕድሜ?» አለች ሲስተር ኮስተር ብላ። ከዚያ ሰዓት ሠሪውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «እንዴት ያለ ታማኝ ሰው ነዎት፣ ጋሼ!» አለች። ስድብ ይመስል ነበር።

መፍጫውን ገዝተው ወጡ። በእሱ ሱቅ በኩል ነው ያለፉት። ፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ሲደርሱ የጫማዬ ክር ተፈታ ብላ ጎንበስ አለችና ወደ ኋላ ቀረች፤ እሱም የሴት ጫማ ማየት ነውር ነው ብሎ ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሳ። መለያያቸው ላይ ሲደርሱ ቆም አለች።

«ቅዳሜ አበቦቼን ላስቀምጥ ነው። ከወጡ ሁለት ሳምንታቸው፣ በደንብ ደርቀዋል። ይሄን ያህል የተማመኑበት መፍጫ ሥራውን ሲሠራ መጥተው አያዩትም?»

«ስንት ሰዓት?» አለ።

«ሲነጋ። ደቂቃውን እርስዎ ይሙሉት» ብላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሰውየው በደስታ ሰክሮ የራሱን በር አልፎ ሁለት መንገድ ሄደ። ዓርብ ዕለት አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ ሞላ፣ ሻይ ውስጥ ስኳር የጨመረ መስሎት የሰዓት ብሎን ጨመረ፣ ብቻውን ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩ ማታ በነፃ አስተካከለውና «ነገ ዳር ዳር እንዳትል። ‹ሲስተር፣ እወድሻለሁ› በል፣ ሁለት ቃል ነው» አለው። ሰዓት ሠሪው ሁለት ቃሉ ቢከብደው ሌላ መላ ዘየደ። ያቺን ባለ ዘጠኝ ጠጠር ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል። «ከአሸዋዎ የመጣች ጠጠር እንኳ አልጣልኩም» ይላታል። የቀረውን እሷ ትረዳዋለች።

ቅዳሜ በአንድ ሰዓት ከሰባት የሲስተርን በር አንኳኳ። በረንዳዋ ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል፤ ጋዜጣው ላይ የአበቦቹ ራሶች፣ ግንዳቸው ተቆርጦ፣ አፈራቸው ተራግፎ፣ በተራ በተራ ተኝተዋል። አጠገባቸው አምስት ባዶ ካርቶን፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ በቀጭኑ የተቀደደ ፋሻ፣ ከወደ ግድግዳው ደግሞ አንድ የታሰረ ጆንያ። ሲስተር ሽርጥ አስታጠቀችውና እስክሪብቶ ሰጠችው።

«እኔ አያለሁ፣ እርስዎ ይመዝናሉ፣ ይጽፋሉ።»

ያቺ ሴት የአበባ ራስ ስታነሳ ያላያት ሰው ሥራ አይቷል አይባልም። በሁለት ጣቷ ደገፍ ታደርጋለች፣ ታገላብጣለች፣ ታሸታለች፣ ወገቡን በአውራ ጣቷ ጫን ትላለች። ጠንካራውን ታስቀራለች። ለስለስ ያለውን ከጤነኞቹ ትለያለች፤ አብሮ ካደረ ሁሉንም ያበሰብሳል። አሮጌው ራስ ጎኑ ላይ ልጆች አብቅሎ እንደሆነ ቀስ ብላ ታላቅቃቸዋለች። «ቀይዋ አራት ወልዳለች!» ትላለች። «ይመዝኑልኝ!» እሱም «እናት፦ ቀይዋ። ልጆች፦ አራት። ሁሉም ደህና» ብሎ ይጽፍና ወረቀቱን በፋሻ ያስርባቸዋል፣ ልክ አዲስ በተወለደ ሕፃን እጅ ላይ እንደሚታሰረው።

«ትንሹ አሥራ አንድ ግራም ከግማሽ፣ ምናልባት ከግማሽ አለፍ ይላል...»

«ጋሼ፣ አበባ ነው እንጂ ወርቅ አይደለም!»

«ሙያ ሙያ ነው፣ ሲስተር።»

«ቢጫዋን ይዩአት፣ ዘንድሮም መካን። እንዲያው ለጌጥ ነው የምኖረው ትላለች» አለችና ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ሰዓቱን ሳያይ ሁለት ሰዓት እንዳለፈ ቢነገረው አያምንም ነበር።

ሁሉም ተጽፎ አለቀ። ሲስተር የካርቶኑን ታች በጋዜጣ አለበሰች፣ ጆንያውን ፈትታ ውስጡ ያለውን በእፍኝ በእፍኝ አለበሰችበት፣ ራሶቹን እርስ በርስ ሳይነካኩ ደረደረች። «አሁን ያ ጀግናዎን ያምጡት» አለች። ሰዓት ሠሪው ብረቱን መፍጫ አነሳና አዞረ። ጥቁሩ ዱቄት ዘነበ። ንፋስ ሽው አለ።

«እጥሺ!» አለች ሲስተር።

«ይማርዎ!» አለና «እጥሺ!»

«ይማርዎ! እጥሺ!»

«ይማር... እጥሺ! ይማርሽ!»

ይማርሽ! ከአፉ አመለጠው። ሁለቱም አፋቸውን ያዙ፤ ከዚያ እንደገና አነጠሱ፤ ከዚያ ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ካርቶኑን ተደግፈው ሳቁ። ሰዓት ሠሪው አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ጠርሙሷን ጨበጣት። «ሲስተር፣ ከአሸዋዎ...» ብሎ ጀመረና ዓይኑ ካርቶኑ ላይ ወደቀ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሰጋቱራ ነው። ጆንያው ውስጥ ያለውም ሰጋቱራ ነው።

«አሸዋው የታለ?» አለ።

«የምን አሸዋ?» አለች፣ ዓይኗን በሽርጧ እየጠረገች። «አሸዋ እኮ እርጥበት ይይዛል። እናቴም በሰጋቱራ ነው የምታስቀምጣቸው የነበረው፤ እዚህ ቤት አሸዋ ገብቶ...»

አልጨረሰችውም። እጇ አፏ ላይ ቀረ።

ሰዓት ሠሪው ጠርሙሷን አውጥቶ ጋዜጣው ላይ አቆማት። ዘጠኝ ነጭ ጠጠሮች፣ ሁሉም የምስር ፍሬ የሚያክሉ፣ እኩል እኩል። የፀጉር ያህል ስንጥቅ የሚያይ ሰው፣ ጠጠር በራሱ ጊዜ እንዲህ ተመራርጦ እንደማይገባ አምስት ዓመት ሳያይ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።

«ታዲያ እነዚህ ከየት መጡ?»

ሲስተር ጉንጯ ቀላ። ጠርሙሷን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና ጠርሙሷን አየች። ዘጠኙንም እንዳስቀመጣቸው ሲገባት ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቁ ግን አልቀረላትም።

«ከፀጉር አስተካካዩ ጣሳ» አለች። «አንተ ጋ ስመጣ ጎንበስ ብዬ አንዷን አነሳለሁ። ጥጉ ላይ ቆሜ እከታታለሁና ሁለት ዙር እጠመዝዘዋለሁ። ቀርቀር ሲል እገባለሁ።»

አንተ አለችው። ጋሼም አላለችም።

«ለምን?» አለ።

«ለምን ትለኛለህ? ሰዓቴን ነዋ! አንድ ቀን ሠራህልኝ፣ ይኸው ሰባት ዓመት አንዲት ደቂቃ አላዛባም! ከጠረጴዛ ጣልኩት፣ እምቢ። አንድ ጊዜ ከልብስ ጋር አጠብኩት፣ እምቢ! ደህና አድርገህ ሠርተህ በሩን የዘጋህብኝ አንተ ነህ። ታዲያ ምን ይዤ ልምጣ? ቤቴ ውስጥ ያለው የሚዞር ነገር መፍጫ ብቻ ነው!»

ሰዓት ሠሪው ጠጠሮቹን እንደገና ቆጠረ፤ ዘጠኝ ናቸው።

«እሱ ሳያንስህ ደግሞ ሄደህ ይሄን ብረት መረጥክልኝ። ሐሙስ ሁለት ጠጠር አንስቼ፣ ዓርብ ጠዋት ሞከርኩት።»

«ጠጠር? በዚህ?» አላስቻለውም። «ከዚያስ?»

«ዱቄት አደረጋቸው!»

«አላልኩሽም!» አለ በኩራት። ወዲያው ደግሞ ምን የሚያኮራ ነገር አለ ብሎ አፈረ፤ ሲስተርም አይታው ከት ብላ ሳቀች።

«ይኸው ሰበብ አለቀብኝ» አለች፣ ሳቋ ቀስ ብሎ እየበረደ። «ለዚህ ነው ና ያልኩህ።»

ሰዓት ሠሪው ያዘጋጃቸው ሁለት ቃላት ጠፉበት። የመጣለት ሌላ ነው። «ዘጠኝ ጊዜ መጣሽ» አላት። «ዘጠኙንም ጊዜ ከበር ስትወጪ፣ ምነው ነገ ደግሞ በተበላሸባት እያልኩ ነበር። በሰው ዕቃ ላይ ክፉ ተመኝቼ አላውቅም፤ በአንቺ ላይ ግን ተመኘሁ። እወድሻለሁ፣ ሲስተር።» ዓይኑ እንባ ሞላ። በቁንዶ በርበሬው ነው እንዳይል፣ ያኔ ንፋሱ ቆሞ ነበር።

እሷም እጁን ያዘችው። ስንት ሕፃን የያዘ እጅ ነው፤ አጥብቃ ያዘችው። ካርቶኖቹ ሳይከደኑ ትንሽ ቆዩ።

ከዚያ ሰዓት ሠሪው «ሰዓትሽን ስጪኝ» አለ። ከኮቷ ነቅላ ሰጠችው። አርባ ዓመት ሙሉ ሰዓት ሲያቃና የኖረ ሰው፣ ማስተካከያዋን በጥፍሩ ሳብ አደረገና ቆጣሪውን አሥር ደቂቃ ወደፊት ገፋው። እንደ ሌባ ግራ ቀኝ ሁሉ አየ።

«ተበላሽቷል» አለ። «ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘሽው ነይ።»

ሰኞ ሲስተር በሁለት ሰዓት ከሃያ ሱቁ በር ላይ ደረሰች፤ በእሷ ሰዓት ሁለት ተኩል ነው። እሱ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ያለችው ጣሳ አዲስ ነጭ ጠጠር ለብሳለች፤ ባለቤቷ ከሳንቃው ወዲያ ጆሮውን ለጥፎ ትንፋሹን ይዟል።

ሲስተር ሰዓቷን ባንኮኒው ላይ አኖረች። «አሥር ደቂቃ ይፈጥናል» አለች፣ ከንፈሯን ነክሳ። «መቼ ይደርስልኛል?»

ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን አደረገ፣ ሰዓቱን ከፈተ፣ አገላብጦ አየው፣ ከደነው። ሐሙስ አላለም፣ ለአምስት ሩብ ጉዳይም አላለም።

«እንጃ» አለ። «ዕድሜ ልክ የሚፈጅ ይመስለኛል። በየቀኑ ብቅ እያልሽ ማየት ነው።»

ከሳንቃው ወዲያ አንድ ሰው ጮክ ብሎ አነጠሰ፤ ሁለቱም እኩል «ይማርህ!» አሉት።